አርባ ላይ የቆመ ወንዝ

እስቲ የባሌውን ወንዝ፣ ዌብን እዩት። ከሮቤ ተነሥታችሁ በጎሮ በኩል ወደ ሶፍ ዑመር ስትወርዱ፣ መንደሩ ሳትደርሱ ገደሉ ጫፍ ላይ ቁሙና ቁልቁል እዩት። በበጋ ከሆነ ትንቁታላችሁ። ግመል ጉልበቱ ሳይረጥብ ይሻገረዋል፤ ሴቶች ዳር ዳሩን ልብስ ያጥቡበታል። ከዚያ ዋሻው አፍ ሲደርስ ምድር ትውጠዋለች። ተከትላችሁት ግቡ። ሰው ያነጸው የሚመስለውን ዓምድና እንደ ጉልላት የተቀለሰውን ጣሪያ ካያችሁ በኋላ፣ ዓይናችሁን ወደ ግድግዳው መልሱ። ከሰው ቁመት በላይ፣ ስንጥቁ ውስጥ፣ አንድ ግንድ ተሰክቶ ታያላችሁ። ማን ሰቀለው? ውሃው ነው። ሲሰቅለው ደግሞ እዚያ ሰማይ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ደመና አልነበረም። ዝናቡ የዘነበው ሳነቴ ተራራ ላይ ነው፤ ጎባ ላይ ነው። ሻያና ጠጎና የሚባሉት ወንዞች የሰበሰቡትን ለዌብ አስረከቡት፤ ዌብ ደግሞ ፀሐይ እየሞቁ ለተቀመጡት ሰዎች ይዞላቸው መጣ።

የምጽፈው ግን ስለ ወንዙ አይደለም። ጁሀራ ጀሊል ስለምትባል የጎባ ልጅ ነው። ሐውልት የላትም። በስሟ የተሰየመ ትምህርት ቤት ቀርቶ የውሃ ቦኖ እንኳ የለም። ለምን? የሠራችው ሥራ ማንበብ ስለሆነ ነው! እዚህ አገር ለጻፈ ይጨበጨባል፤ ለመረቀ ይጨበጨባል፤ ሪባን ለቆረጠማ እጅ እስኪቃጠል ይጨበጨባል። አንብቦ «ይህ ቦታ ልክ አይደለም» ላለ ሰው ሲጨበጨብ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። እኔ አላየሁም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

አባቷ ጀሊል ጎባ ገበያ ዳር ሱቅ ነበራቸው፤ ስኳር፣ ጨው፣ ጋዝ፣ ክብሪት ይሸጡ ነበር። አብዮቱ በጋለበት ጊዜ «ስኳር ደብቀሃል» ተብለው ቀበሌ ቀረቡ። ሦስት ሰዎች መሰከሩባቸው። ሦስቱም በአንድ ቃል፦ «ጆንያውን በቀኝ እጁ ወደ ጓዳ ሲጎትት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።» የጨመረ የለም፤ የቀነሰ የለም። ሰብሳቢው «ምስክርነት ማለት እንዲህ ነው!» ብለው አደነቁ፤ ጀሊልም ወኅኒ ወረዱ። ጁሀራ ምሳ ታመላልስ ነበር። አንድ ቀን አባቷ በሽቦው አጥር በኩል እንዲህ አሏት፦

«አየሽ ልጄ፣ እውነት አይተው ቢሆን ኖሮ፣ አንዱ ግራ እጄን ባየ ነበር።»

ሳል ይዘው ወጡ፤ ብዙም አልቆዩ። ጁሀራ ሒሳብ ጎበዝ ስለነበረች ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ተላከች። የኮምፒዩተር ትምህርት ተምራ፣ አንድ ወፍራም ካፖርት ይዛ ተመለሰች። «እዚያ ብርዱ እንዴት ነው?» ሲሏት «እንደ ጎባ ነው፤ እነሱ ግን ቤታቸውን ያሞቃሉ» ትል ነበር። እናቷ እማማ ረቢያ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ መርማሪ ሆነች» ብለው በመናገራቸው፣ ሰፈሩ ለጥቂት ጊዜ እነሱ ቤት ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። በዚያ ዘመን መርማሪ የምን መርማሪ እንደሆነ ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

የምትመረምረው ፕሮግራም ነበር። ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ላይ ሮቤ አንድ የውሃ ጥናት ፕሮጀክት ተከፍቶ ነበር፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ሦስት ክፍል ቤት። እኔ ማናልበሽ እባላለሁ፤ እዚያ የሬድዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። ኮምፒዩተሩ ውስጠኛው ክፍል ተቀምጦ፣ እንደ ሰው ቤት ቴሌቪዥን ዳንቴል ለብሷል። ሐሳቡ የሚያስገርም ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። ዌብ ሻያንና ጠጎናን ከተቀበለ በኋላ ባለው ቦታ የውሃ መለኪያ ይተከላል። መለኪያው የውሃውን ከፍታ በስልክ ሽቦ ሮቤ ይልካል። ኮምፒዩተሩ ይሰማል። ውሃው ካመረረ ይጮኻል። እኔ በሬድዮ ለሶፍ ዑመር እናገራለሁ። ሶፍ ዑመር ያለው፣ ነገሪ የሚባለው የፕሮጀክቱ ጥበቃ፣ ዋሻው አፍ ላይ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ ይደበድባል። ሰው ይወጣል። አስቡት! ወንዙ ገና መንገድ ላይ ሳለ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል ማለት ነው።

ለምን እንደተቻኮሉ ልንገራችሁ። ጥቅምት ሲጋመስ ሰው ለዝያራ ሶፍ ዑመር ይሰበሰባል፤ ከባሌ ብቻ ሳይሆን ከአርሲም ከሐረርጌም። አዛውንት ይመጣሉ፤ ልጅ ያዘሉ ይመጣሉ፤ ዋሻው ውስጥ ገብተው ዱዓ ያደርጋሉ። ጥቅምት ደግሞ ላይኛው አገር ዝናቡን ያልጨረሰበት ወር ነው። የዚያን ዓመት እማማ ረቢያም ተስለው ነበር። «ጀሊል ሳያየው የቀረውን እኔ አይቼለት ልምጣ» ብለው ስንቃቸውን ማዘጋጀት የጀመሩት ገና በመስከረም ነው።

መለኪያውን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያናግረው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። የጻፈው ከአዲስ አበባ የመጣ እሸቴ የሚባል መሐንዲስ ነበር፤ ፈጣን፣ ቀልደኛ፣ የሃረናን ማር በዳቦ ካገኘ ምሳ የማይጠይቅ ልጅ። እሱ ይጽፋል፤ ጁሀራ ታነባለች፤ «ይግባ» ካላለች አይገባም። ደንቡ ይህ ነበር።

እኔም ነገሩ ስላልገባኝ አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«ጁሀራ፣ እንዲያው ይሄ ከርነል ከርነል የምትሉት ምንድነው?»

«የኮምፒዩተሩ እምብርት ነው። ማንም አያየውም፤ ሁሉን ግን የሚያዘው እሱ ነው።»

«እንደ ደርግ?»

«ዝም በይ አንቺ!» አለችና በሩን አየች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «ዓይነ ስውር ንጉሥ በይው። ውጭ ያለውን አንድም ነገር አያይም። ወንዝ አያውቅ፤ ዝናብ አያውቅ። ድራይቨሩ እጁን ይዞ የሚመራው ሰው ነው። ‹ንጉሥ ሆይ፣ ከፊትዎ ገደል አለ› ካለው ይቆማል። ‹ሜዳ ነው› ካለው ይራመዳል።»

«ቢዋሸውስ?»

«ይራመዳል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ዳንቴል የለበሰ ሣጥን ባየሁ ቁጥር ውስጡ አንድ ዓይነ ስውር ንጉሥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ይመስለኝ ጀመር።

አነባበቧን ብታዩ! ፕሮግራሙ ዳር ዳሩ በተበሳሳ ረጅም ወረቀት ታትሞ፣ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ጠረጴዛዋ ላይ ይቀመጣል። ቁርአን ቤት ልጅ ሆና እንደለመደችው፣ በቀጭን እንጨት ጫፍ መስመሩን እየነካች፣ ከንፈሯን እያነቃነቀች ትሄዳለች። ስትቆም ትቆማለች። ስሟን ብትጠሩ አትሰማም። ሻይ አምጥቼላት ቀዝቅዞ መልሼ የወሰድኩበት ጊዜ ብዙ ነው። በመጀመሪያ አንድ ቦታ ላይ ቆመችና እሸቴን ጠራችው።

«ና እስቲ ወንድሜ። እዚህ ጋ ቤቱን ቆልፈህ ገባህ።»

«አዎ። ቁጥሩን እስካነብ ሌላ እንዳይረብሸኝ ነው።»

«ጥሩ። ቁጥሩ ተበላሽቶ ቢመጣስ?»

«እሱን ትቼው እመለሳለሁ።»

«በየት በኩል?»

እሸቴ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። ከዚያ ግንባሩን መታ። «ወይ ጉድ! በጓሮ ዘልዬ ወጥቻለሁ፤ በሩን አልከፈትኩም!»

«አዎ። ሌላው ሁሉ ደጅ ላይ እያንኳኳ ይቅር በለኛ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ እሱም አስተካከለ። እሸቴ ኩሩ አልነበረም። ስሕተቱን ሲያዩበት እንደ ስጦታ የሚቀበል ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ቶሎ እንደሚያልቅ ማር ነው፤ አልበዛልንም።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ጓድ ለታ ግን ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። ከዝያራው በፊት መሣሪያውን ለመመረቅ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። ሪባኑ ተገዝቷል፤ በጉ ታስሯል። በየጊዜው አንገቱን በበሩ ያስገባል።

«ጓድ ጁሀራ፣ ምን ቀረሽ?»

«ማንበብ።»

«እስከዛሬ ምን ስትሠሪ ነበር? ልብ ወለድ ነው እንዴ?»

«ልብ ወለድ ቢሆን መጨረሻውን አይቼ እተወው ነበር።»

«እየቀለድሽ ነው?»

«አይደለም ጓድ ለታ። እዚህ መጨረሻው ያለው መካከል ላይ ነው።»

እሱ በሩን ዘግቶ ሲሄድ እኔ ደነገጥኩ። እሷ ወደ ወረቀቱ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ እንጨቷ ቆመ። እሸቴ እዚያ ቦታ ላይ፣ በላቲን ፊደል ግን በአማርኛ ቃል፣ «ሦስት ምስክር» ብሎ ማስታወሻ ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። የስልኩ ሽቦ ይንጫጫል፤ አንዳንዴ የሐሰት ቁጥር ይመጣል። ስለዚህ ድራይቨሩ መለኪያውን ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ሦስቱም አንድ ቃል ከሆኑ ለከርነሉ ያስተላልፋል። ካልሆኑ ይጥላቸውና እንደገና ይጠይቃል። የእሸቴ አያት የአጥቢያ ዳኛ ነበሩ፤ ልጁ ሦስት ምስክር ያልተስማማበት ነገር እንደማይጸድቅ እየሰማ ነው ያደገው። ሌላ አገር የተወለደ ሰው ይህን ይጽፍ እንደሆነ አላውቅም። እኛ ግን ሁላችንም እንጽፈው ነበር። እኔ ሳነበው «እንዴት ያለ ጥንቃቄ!» ነበር ያልኩት።

«ማናልበሽ፣ ነይ ተቀመጪ» አለችኝ ጁሀራ። «አንቺ መለኪያው ነሽ። እኔ ድራይቨሩ ነኝ። ስጠይቅሽ ቁጥር ንገሪኝ።»

«ምን ዓይነት ቁጥር?»

«የውሃ ነዋ! ጸጥ ያለ ውሃ ነሽ። ስንት ሳንቲሜትር ላይ ነሽ?»

«አርባ።»

«ስንት?»

«አርባ።»

«ስንት?»

«አርባ አልኩሽ እኮ!»

«ተስማሙ። ንጉሥ ሆይ፣ ውሃው አርባ ነው።» እንጨቷን ከፍ አደረገች። «አሁን ሙላት ሁኚ።»

«ሙላት እንዴት ነው የሚኮነው?»

«የሮቤ ልጅ አይደለሽም? ሻያ ሲመጣ አይተሽ የለ? እንደሱ ነዋ። ስንት?»

ልጅ ሆኜ ያየሁት ትዝ አለኝ፤ ያ ቡናማ ግድግዳ፣ ፊቱ ላይ ሣርና እንጨት እየገፋ። «ሃምሳ!» አልኩ።

«ስንት?»

«ሰባ!»

«ስንት?»

«መቶ!»

«አልተስማሙም። ጣልኳቸው። እንደገና፤ ስንት?»

«መቶ ሠላሳ!»

«ስንት?»

«መቶ ሰባ! ኧረ ጁሀራ!»

«ስንት?»

«ሁለት መቶ ሃያ!»

«አልተስማሙም። ጣልኳቸው።»

«ጁሀራ፣ ሰጠምሽ እኮ!»

እንጨቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እኔ ገና አርባ ላይ ነኝ» አለች።

ውጭ የግቢያችን ጥበቃ ከአንድ እረኛ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር፤ ድምፁ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ሆኖ ተሰማኝ። ያ ፕሮግራም ቢበላሽ ኖሮ ይሻል ነበር፤ የተበላሸ ነገር ይታወቃል። ይህ ግን ወንዙ ጸጥ ባለበት ጊዜ ሁሉ እውነቱን ይናገራል። ዓመቱን ሙሉ ታማኝ ነው። ዝም የሚለው ውሃው በተነሣበት ሰዓት ብቻ ነው። የሚነሣ ውሃ ሁለት ጊዜ አንድ ቃል አይናገርማ!

«አባቴ ነግሮኝ ነበር» አለች ጁሀራ ቀስ ብላ። «እውነት እያየ ያለ ሰው ቃሉ ትንሽ ትንሽ ይለያያል።»

እሸቴ ሲጠራ ዳቦውን እያኘከ መጣ። ነገረችው።

«እኔ እኮ ሞክሬዋለሁ» አለ። «አዲስ አበባ፣ በበርሜል።»

«በምን ሞላኸው?»

«በጆግ።»

«ዌብ በጆግ አይመጣም ወንድሜ።»

ማኘኩን አቆመ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ጁሀራ ለጓድ ለታ «አልፈርምም» አለችው። ኃላፊው ጠረጴዛውን መታ። እንግዶቹ መንገድ ጀምረዋል፤ እሸቴን የሚያህል መሐንዲስ ጽፎታል፤ አዲስ አበባ ተሞክሯል፤ አንዲት ሴት ወረቀት አንብባ ታስቆማለች?

«ይህ በአሻጥር እንደሚተረጎም ታውቂያለሽ?» አላት። «የአባትሽን ጉዳይ የሚያስታውስም አይጠፋም።»

እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ ያልኖራችሁ ሰዎች «አሻጥር» የሚለው ቃል ምን እንደሆነ አታውቁትም፤ አትጫወቱበት። ሰው ከዚህ ቃል በኋላ ከቤቱ ይወጣና አይመለስም ነበር። ጁሀራ ካፖርቷን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

«ጓድ ለታ፣ ፈርሚ ካሉኝ እፈርማለሁ። ከፊርማዬ ሥር ግን ‹ሙላት ሲመጣ ዝም ይላል› ብዬ በቀይ እጽፋለሁ። እሱንም አብረው ያስመርቁት።»

«እብድ ነሽ!»

«እናቴ ዋሻው ውስጥ ትሆናለች። እብድ ብሆን ይፈረድብኛል?»

እውነቱን ልናገር፤ ለታ ክፉ ሰው አልነበረም። የፈራ ሰው ነበር። የፈራ ሰው ክፉ የሚሠራውን ሁሉ ሊሠራ ይችላል፤ አንዳንዴ ግን ጆሮው አይደፈንም። «አሳዪኝ» አላት።

ግቢው ውስጥ በርሜል አቆሙ፤ የውሃ ቦቴ መኪናም አስጠጉበት። መጠባበቂያውን መለኪያ አጠለቁበት፤ ሽቦውን በመስኮት አስገብተው ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኙት፤ ስክሪኑንም ወደ መስኮቱ አዞሩት። በመጀመሪያ እሸቴ በጆግ ቀስ እያለ ሞላ። ቁጥሩ ወጣ፦ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ። ለታ ወደ ጁሀራ ዞሮ «ይኸው! ይሠራል አይደል እንዴ?» አለ። እሷ ለውሃ ቦቴው ሹፌር በእጇ ምልክት ሰጠችው።

ሹፌሩ ቧንቧውን በአንዴ ለቀቀው። ውሃው በርሜሉ ውስጥ ጮኸ፤ አፉ ላይ ደረሰ፤ ሞልቶ ፈሰሰ፤ የለታን ቀለም የተቀባ ጫማ እስከ ካልሲው አራሰው። ስክሪኑ ላይ አርባ ይላል። በርሜሉ እየተንቀጠቀጠ ነው። አርባ። ጥበቃው «ያ ረቢ!» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። አርባ። ውሃው ሲቆም፣ ሁሉም ነገር ጸጥ ካለ በኋላ፣ ስክሪኑ እንደ ነቃ ሰው ዓይኑን ገልጦ እውነተኛውን ቁጥር አሳየ። በርሜሉ ሞልቷል አለን። እኛ ደግሞ ጫማችን ውስጥ ውሃ ይዘን ቆመናል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ መንግሥት ሲወድቅ አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን የፈራሁት ነገር ግን የለም። የምትነግረው ነገር ሁሉ እውነት የሆነች፣ ግን ሰዓቷን ጠብቃ የምትገድል ማሽን በቀን ብርሃን ፊት ለፊታችን ቆማ ነበር። ያችን ማሽን ያወቀቻት ደግሞ አንዲት ሴት ናት፤ ማሽኑን ሳትነካ፣ ወረቀት ላይ፣ በእንጨት ጫፍ።

ለታ ጫማውን አላየም። «ዋሻው ውስጥ በዝያራ ቀን ስንት ሰው ይገባል?» አለ።

እሸቴ እንደገና ጻፈው። ሦስቱ ምስክሮች ቢለያዩም፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው ከበለጠ፣ ይህ ሐሰት አይደለም፤ ሙላቱ ራሱ ነው፤ ወዲያው ጩህ የሚል አደረገው። ጁሀራ «የቀየርከው ቦታ የት ነው?» ብላ እዚያ ብቻ አላነበበችም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። እንግዶቹ ደርሰው መኪኖቻቸው ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ አንዱ ሰዓቱን ያያል፤ ሌላው ሪባኑን ይነካካል። እሷ ታነባለች። በዚህ ጊዜ የውስጠኛው ክፍል በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው ነበር፤ ጓድ ለታ። እንግዶቹ ሊገቡ ሲሉ «ትንሽ ነው የቀራት፤ ትንሽ ይታገሡን» ይል ነበር። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ከበሩ ግን አልተንቀሳቀሰም። ለዚህም ያጨበጨበ የለም።

ጨረሰች። ፈረመች። ሪባኑ ተቆረጠ። ንግግር ተደረገ። ስለ እሷ አንድ ቃል አልተባለም።

ዝያራው ደረሰ። እማማ ረቢያ በጭነት መኪና ሄዱ። ከቀትር በኋላ ሰማዩ በጎባ በኩል ጠቆረ፤ ሳነቴ ጠፋ። ሮቤ ላይ በረዶ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጥ ጀመር፤ ድምፁ ሰውን ያደነቁራል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የኮምፒዩተሩ ጩኸት ሲነሣ ሰማሁት። ጁሀራ ቀድማኝ ነበረች። ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ አይረጉም፤ አንዱ ሳይነበብ ሌላው ይተካዋል። መለኪያ ሆኜ የጮኽኳቸውን ቁጥሮች አስቡና ከዚያ በላይ አድርጉት። ዓይነ ስውሩ ንጉሥ እያየ ነበር! ጁሀራ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። እኔ ሬድዮውን አነሣሁ።

«ሶፍ ዑመር፣ ሶፍ ዑመር፣ ሮቤ ነኝ! ነገሪ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማለሁ፤ አከም ጅርታ፣ ማናልበሽ? ነጋ? ደኅና ናችሁ?»

«ነገሪ፣ ቸርኬውን ምታ! ሰው ይውጣ!»

«ምን ሆናችሁ? እዚህ ፀሐይ እኮ ነው! ሰው ተረጋግቶ ዱዓ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ይቆጡኛል።»

«ምታ አልኩህ!»

«ማን ነው ያዘዘው? ጓድ ለታ አሉ?»

ጁሀራ ማይኩን ከእጄ ነጠቀችው። «ነገሪ! ቢሻን ዱፌ!» ብላ ጮኸች፤ ውሃው መጣ ማለቷ ነው። «ወላሂ መጥቷል! በእናቴ ስልህ! ምታ!»

ሬድዮው ጸጥ አለ። ከዚያ ከሩቅ፣ ብረት በብረት ላይ። ነገሪ ቸርኬውን ይደበድባል።

ጠበቅን። ሰው እንዲህ ሲጠብቅ የሚያደርገው ነገር የለም። ጁሀራ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን ታነቃንቃለች፤ አሁን ግን ፕሮግራም አይደለም። በመጨረሻ ነገሪ ሬድዮውን ከፈተ። ማይኩን ወደ ዋሻው ዘርግቶት ነበር። በዚያች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ዌብ ገባ። ነጎድጓድ ነው አልል፤ ነጎድጓድ ያልቃል። ይህ አያልቅም። ምድር ጉሮሮዋን ስትጠርግ የሰማሁ መሰለኝ። እዚያ ጣሪያ ሥር፣ ጥቂት ቀደም ብሎ ሰዎች በተቀመጡበት ሥፍራ።

«ወጥተዋል» አለ ነገሪ፤ እያለቀሰ። «ሁሉም። አልሐምዱሊላህ። የመጨረሻዋ አሮጊት ‹ጫማዬን!› ብላ ልትመለስ ስትል ተሸክመን ነው ያወጣናት።»

አሮጊቷ ማን እንደነበሩ በኋላ አወቅን። እማማ ረቢያ ጎባ ሲመለሱ ተቆጥተው ነበር።

«ሰጋጃዬን ውሃ ወሰደው። ስንቄን ወሰደው። ጫማዬ ያው ቀረ። ማን ነው እንዲህ ያጣደፈን?»

«እኔ እንጃ፣ እማ» አለች ጁሀራ። «ሰጋጃ እገዛልሻለሁ።»

በሪፖርቱ ላይ «በመሣሪያው ከፍተኛ ብቃት» ተብሎ ተጻፈ። መሣሪያው! እሸቴ አዲስ አበባ ሲመለስ ይህን አንብቦ «ጁሀራን ጨምሩ» ብሎ ተሟገተ፤ አልጨመሩም። እሷ ግን ግድ አልነበራትም፤ የሚቀጥለውን ወረቀት ዘርግታ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ የስልኩ ሽቦ ተቆርጦ የልብስ ማስጫ ሆነ፤ ኮምፒዩተሩ የት እንደገባ አላውቅም። ጁሀራ ጎባ ልጆች ሒሳብ እያስተማረች ኖረች፤ ዛሬም እዚያው ናት፤ ፈተና ስታርም ከመጨረሻው መልስ አትጀምርም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጠረጴዛችሁ ላይ ፊርማችሁን የሚጠብቅ፣ ግን ያላነበባችሁት ወረቀት አለ፤ የሌለው ሰው የለም፤ እኔን አታታልሉኝ። የመድኃኒት ይሁን፣ የድልድይ ይሁን፣ የሰው ክስ ይሁን። ደጅ ላይ መኪና እያስነሡ «ምን ቀረህ? ምን ቀረሽ?» የሚሉም አሉ። ያስነሡ። እባካችሁ ብዕሩን አስቀምጡ፤ ተቀመጡ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ አንብቡት።